ጠዋት አልነሳ የምትል መኪና፦ የቤንዚኑ ግፊት የት ይጠፋል?

ጠዋት ቁልፍ ያዞራሉ። ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፣ ባትሪውም ደህና ነው። ሞተሩ ግን ወዲያው አይነሳም። ስምንት፣ አሥር ሰከንድ ካለፋዎት በኋላ ተንገጫግጮ ይነሳል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምንም አይልም። ማታ ያቆሟታል፣ ጠዋት ያው ነው።

ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ካንዴላ ያስቀይራል። አልሆን ሲል «ፓምፑ ሞቷል» ይባልና ትልቁ ገንዘብ ይወጣል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠራች ኮሮላዬ ላይ አዲስ የቤንዚን ፓምፕ አስገጠምኩ። በማግስቱ ጠዋት ያው ልፋት ጠበቀኝ። የሠራልኝ መካኒክ ግፊቱን አልለካም ነበር፣ እኔም ለካልኝ አላልኩትም። ይህን የምጽፈው እርስዎ ከመክፈልዎ በፊት «መጀመሪያ ይለካ» እንዲሉ ነው።

ለመሆኑ ቤንዚኑ ከታንክ እስከ ሞተር እንዴት ነው የሚሄደው? ታንኩ ውስጥ፣ ቤንዚኑ ውስጥ ተነክራ የምትሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለች። እሷ የገፋችው ቤንዚን በመኪናዋ ሆድ ሥር ባለ ቀጭን ቱቦ ወደ ፊት ይመጣል። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ኮሮላዎች ላይ ኮፈኑ ሥር ባለው ፊልትሮ፣ ማለትም በማጣሪያው፣ ያልፋል። ከዚያ ሞተሩ ላይ የተጋደመ የብረት ቱቦ ውስጥ ይገባል። በዚህ ቱቦ ላይ አራት ኢንጄክተሮች ተሰክተዋል። ኢንጄክተር በኤሌክትሪክ እየተከፈተና እየተዘጋ ቤንዚን የሚረጭ አፍንጫ ነው።

በብረት ቱቦው ጫፍ ላይ ደግሞ ሬጉሌተር የምትባል ትንሽ ክብ ዕቃ አለች፤ የግፊት መቆጣጠሪያ ናት። ውስጧ ሞላና ስስ ላስቲክ አለ። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ላስቲኩ ይነሳና ትርፉ ቤንዚን በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ከጀርባዋ የወጣች ቀጭን የጎማ ቱቦም አለች፤ ይህቺ ቫኪዩም፣ ማለትም የሞተሩን የአየር መሳብ፣ ታመጣላታለች።

ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ወዴት ይሄዳል? ጤነኛ መኪና ላይ የትም አይሄድም። ፓምፗ አፍ ላይ ቤንዚኑን ወደ ፊት ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ መዝጊያ አለች፣ እሷ ትዘጋለች። ሬጉሌተሩ ይዘጋል። አራቱ ኢንጄክተሮችም ይዘጋሉ። ሦስት በር ያለው ቤት ነው ይበሉት። ሦስቱም በደንብ ከተዘጉ ቤንዚኑ ግፊቱን እንደያዘ መሐል ላይ ይቆያል፣ ቁልፉ ሲዞርም ወዲያው ይረጫል። አንዱ በር ካንጠባጠበ ግን ሌሊቱን ግፊቱ ይወርዳል። ጠዋት ፓምፗ ባዶውን መስመር እስክትሞላው ድረስ እርስዎ ሞተሪኖ ሲያዞሩ ይቆያሉ።

ምንም ሳይከፍሉ የሚሞክሩት ነገር አለ? አለ። ጠዋት ሞተሩን ለማስነሳት አይቸኩሉ። ቁልፉን ዳሽቦርዱ ላይ መብራት እስኪበራ ድረስ ብቻ ያዙሩትና ሁለት ሰከንድ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ ያጥፉት። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙ። በብዙ መኪኖች በየጊዜው ከኋላ ወንበር ሥር «ዝዝዝ» የሚል የፓምፕ ድምፅ ይሰማል። ከዚህ በኋላ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ከተነሳ፣ ሌሊት ግፊት እየጠፋ መሆኑን በሚገባ አውቀዋል። አንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ግን ፓምፗ ሥራ የምትጀምረው ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፁ ስላልተሰማ ብቻ ፓምፗን አይወንጅሉ።

ሁለተኛው ነፃ ሙከራ እኔን ከሁለተኛ ወጪ ያዳነኝ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከሬጉሌተሩ ጀርባ ያለችውን ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ቀስ አድርገው ይንቀሏት። ውስጧ ደረቅ መሆን አለበት። የእኔን ስነቅላት ጫፏ ወዝቶ ነበር፤ ጣቴን ሳስጠጋ ረጠበ፣ ሳሸተው ቤንዚን ነው። እዚያች ቱቦ ውስጥ ቤንዚን የሚገባበት ሌላ መንገድ የለም፤ የሬጉሌተሩ ስስ ላስቲክ ተቀድዷል ማለት ነው። የተቀደደው ላስቲክ ሞተሩ ሲሠራም ቤንዚን በጎን ያስገባል። ስለዚህ ጥቁር ጭስና የበዛ የቤንዚን ፍጆታ አብረው ይመጣሉ።

ቱቦዋ ደረቅ ከሆነስ? ያኔ ወደ ልኬቱ ይኬዳል። የሚያስፈልገው የነዳጅ ግፊት መለኪያ ጌጅ ነው። የጎማ ነፋስ መለኪያ አይሆንም። ጌጁ ፊልትሮው አካባቢ ባለ ብሎን ላይ ይታሰራል፣ ከብሎኑ ሥር ያሉት ሮንዴላዎችም በአዲስ ይቀየራሉ። አሮጌ ሮንዴላ መልሶ ማሰር በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማንጠባጠብ ነው።

እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። መስመሩ ሲፈታ ቤንዚኑ በግፊት ይረጫል። ከመፍታት በፊት የፓምፗ ሶኬት ተነቅሎ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ይሠራ፣ ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። ብሎኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ቀስ ተብሎ ይፈታ። ሲጋራ፣ ከሰል፣ የብየዳ ሥራ አጠገብ አይኑር። እሳት ማጥፊያ ግን ይኑር። ግቢዎ ውስጥ ይህን ማሟላት ካልቻሉ ለመካኒክ ይተዉት።

ቁጥሩ ስንት መሆን አለበት? ለነዚህ የ1990ዎቹ ኮሮላዎች ቶዮታ ያስቀመጠው ይህ ነው። የቫኪዩም ቱቦዋ ተነቅላ ከ2.7 እስከ 3.0 ባር፤ ጌጁ የጎማ ነፋስ በሚለካበት በፒኤስአይ ከሆነ ከ38 እስከ 44። ቱቦዋ ተመልሳ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጡት፣ ሲሠራ ከ2.1 እስከ 2.6 ባር። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ደግሞ 5 ደቂቃ ሙሉ ከ1.5 ባር በታች መውረድ የለበትም። ለጠዋቱ ችግር ትልቁ ቁጥር ይህ የመጨረሻው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፣ አየሩም ስስ ነው። ስለዚህ የሞተሩ የመሳብ ኃይል ቆላ ላይ እንዳለው አይሆንም፣ ቱቦዋ ስትመለስ ግፊቱ የሚወርደውም ባነሰ መጠን ነው። በሚኒሞ ከተጻፈው ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያዩ ወዲያው ሬጉሌተሩን አይጣሉ። ቱቦዋ ተነቅላ የሚገኘው ቁጥር ግን የትም ቢሆን አንድ ነው፤ የሚታመነው እሱ ነው።

አሁን ጌጁ ታስሯል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ መርፌዋም እየወረደች ነው እንበል። ከሦስቱ በሮች የትኛው እንደሚያንጠባጥብ የሚለየው በቀላል ዘዴ ነው፦ የጎማ ቱቦዎቹን በየተራ መቆንጠጥ። ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ፒንሳ ይበቃል። የሚቆነጠጠው ለስላሳ ጎማ ብቻ ነው፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ጎማው ራሱ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ደግሞ ከመቆንጠጥ በፊት መቀየር አለበት።

መጀመሪያ ሞተሩ ተነስቶ ይጥፋና ወዲያው የመመለሻው ቱቦ ይቆንጠጥ። መርፌዋ ከቆመች ሬጉሌተሩ ነው የሚያሳልፈው።

አሁንም ከወረደች መመለሻው ይለቀቅ። ሞተሩ እንደገና ተነስቶ ይጥፋ፣ በዚህ ጊዜ ከታንክ የሚመጣው መሄጃ ቱቦ ከጌጁ በፊት ይቆንጠጥ። መርፌዋ ከቆመች የፓምፗ መዝጊያ ነው፤ ቤንዚኑ ወደ ታንክ እየተመለሰ ነው። ፓምፕ መቀየር ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱም ተቆንጥጠው መርፌዋ አሁንም ከወረደች፣ ውጭ የሚታይ እርጥበትም ከሌለ፣ የቀሩት ኢንጄክተሮቹ ናቸው። ካንዴላዎቹ ይውጡ፤ የሚያንጠባጥበው ኢንጄክተር ያለበት ካንዴላ ከሌሎቹ ተለይቶ ጠቁሮ ወይም ረጥቦ ይገኛል። ይህን ችላ አይበሉ። የሚንጠባጠበው ቤንዚን የሞተር ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ያቀጥነዋል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱም ሳይቀየር መንዳት የለብዎትም።

ጠዋት ደህና ተነስታ ዳገት ላይ የምትዝልስ? ይህ ሌላ ዓይነት ነው። ወደ እንጦጦ ሲወጡ ቤንዚን እየሰጧት ጉልበት ካጣች፣ መስመሩ የሚፈለገውን ያህል አያደርስም ማለት ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ጌጁ ዝቅ ያለ ግፊት ካሳየ የመመለሻው ቱቦ ለአፍታ ይቆንጠጥ፤ ለአፍታ ብቻ። ግፊቱ ወዲያው ሽቅብ ከወጣ ፓምፗ አቅም አላት፣ ጥፋቱ ሬጉሌተሩ ላይ ነው። ካልወጣ ወይ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይ ፓምፗ ደክማለች፣ ወይ በቂ ኤሌክትሪክ አይደርሳትም። ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ነው፦ መጀመሪያ ፊልትሮ ይቀየር። ቀጥሎ ፓምፗ እየሠራች ሶኬቷ ላይ ቮልቴጁ ይለካ። ከባትሪው ከ1 ቮልት በላይ ካነሰ የዛገ ሶኬት ወይም የተቃጠለ ሪሌ ይፈለግ። ፓምፕ የመጨረሻው ነው።

በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ቆሻሻ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደፈነው ፓምፗ እግር ላይ ያለው ወንፊት ነው። ፓምፗን የሚያቀዘቅዛት ደግሞ ቤንዚኑ ራሱ ነው። የቤንዚን ሰልፍ ለመሸሽ ሁልጊዜ የቤንዚን ማለቂያ መብራት በርቶ የሚነዳ ሰው ፓምፑን ቀስ በቀስ እያቃጠለ ነው።

መኪናዎ ቪትዝ ከሆነች መመለሻ ቱቦ አይፈልጉ፣ የላትም። ሬጉሌተሩም ፊልትሮውም ከፓምፗ ጋር ታንኩ ውስጥ ናቸው፤ ግፊቷም ከ3 እስከ 3.4 ባር ነው። እሷ ላይ ጥያቄው ሁለት ብቻ ነው፦ ታንኩ ውስጥ ያለው ዕቃ ነው ወይስ ኢንጄክተር? ካርቡራተር ያላት ኮሮላ ዲኤክስ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናት። ፓምፗ በሞተሩ የምትነዳ ስትሆን ግፊቷ 1 ባር አይሞላም፣ ከላይ ያሉት ቁጥሮች አይሠሩባትም።

ወደ ወጪው እንምጣ። የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ብር አልጠራም፤ ደረጃውን ግን ልንገርዎ። ፊልትሮ፣ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) እና የጎማ ቱቦ ከሁሉም ይረክሳሉ። ሬጉሌተር መሐል ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ብሎን የታሰረ ስለሆነ የእጅ ዋጋው ትንሽ መሆን አለበት። ፓምፕ ከዚያ ይወደዳል፣ ወንበር ተነስቶ ታንክ ስለሚከፈት የእጅ ዋጋውም ይጨምራል። አራት ኢንጄክተር መግዛት ከሁሉም ይከብዳል፤ ከመግዛት በፊት በማሽን አሳጥበው ያስፈትሿቸው።

ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ ሬጉሌተር የሚገዙ ከሆነ፣ ከፋርማሲ አንድ ሲሪንጅና አጭር የጎማ ቱቦ ይዘው ይሂዱ። ሲሪንጁን የቫኪዩም ቱቦዋ በምትገባበት አፍንጫ ላይ ሰክተው ይሳቡ። እጅዎ ላይ ከከበደ፣ ሲለቁትም ወደ ቦታው ከተመለሰ ላስቲኩ ደህና ነው። አየር እየሳበ በቀላሉ ከመጣ ይመልሱት። ይህ የላስቲኩን ጤንነት ብቻ ነው የሚነግርዎ፤ በደንብ መዝጋቷን የሚያሳየው ጌጁ ነው።

ስለዚህ ከመካኒኩ ጋር ሲስማሙ የመለኪያውን ዋጋ ለብቻ ይነጋገሩ፣ ቁጥሮቹንም ከጥገናው በፊትና በኋላ ወረቀት ላይ ያጽፉ። ሥራው ሲያልቅ ጌጁ እንደገና ይታሰር፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ አጠገቡ ቆመው 5 ደቂቃ ይቁጠሩ። መርፌዋ ከ1.5 ባር በላይ ከቆመች ሒሳቡን ይክፈሉ።