ኮሶና ጥድ፦ ዘር የሚሰጠው የትኛው ዛፍ ነው?

ጎንደር ከተማ ውስጥ ጥድ ፍለጋ አያደክምም፤ እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያለ የቆየ ደብር ቅጥር ግቢ ይበቃል። ኮሶን ለማየት ግን ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራሮች መውጣት ይሻላል። ሁለቱም አገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ በዝምድና ግን እጅግ ይራራቃሉ። ኮሶ ከጽጌረዳ ወገን የሚመደብ አበባ አውጪ ነው። ጥድ አበባ የለውም።

የኮሶ ዘር አበባው ውስጥ ተዘግቶ ያድጋል። የጥድ ዘር የሚያድገው በጥቃቅን ቅርፊቶች መካከል ነው። እዚህ ላይ ዓይን ይሳሳታል፤ ጥድ ላይ የምትታየው ጠቆር ያለች ሰማያዊ ፍሬ እነዚሁ ቅርፊቶች ወፍረውና ተጣብቀው የሠሯት ናት። ወፎች ይበሏትና ዘሯን ራቅ አድርገው ይጥሉታል። በአንጻሩ አበባ ያለው ኮሶ ለወፍ የሚሆን ሥጋማ ፍሬ የለውም፤ ደቃቅና ደረቅ ዘሩን የሚበትነው ነፋስ ነው።

ቅጠላቸው መኖሪያቸውን ይናገራል። የጥድ ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር የተለጠፈ ቅርፊት ስለሚመስል ውኃ ይቆጥባል፤ ደረቅ ተዳፋት ላይም ይጸናል። የኮሶ ቅጠል ትልቅና ብዙ ክፍል ያለው ስለሆነ ዝናብና ጉም የማይለየው ደጋ ይስማማዋል፤ በብዛት የሚገኘውም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው።

እንጨታቸውም እንዲሁ ይለያያል። ጥድ ጠረን ያለው ዘይት ስላለበት ምስጥ አይደፍረውም፤ ለቤትና ለአጥር ምሰሶ ይመረጣል። ቀላ ያለው የኮሶ እንጨት ለቤት ዕቃ ይውላል፤ ነቀዝ ግን ያጠቃዋል። የኮሶ ዝና ያለው በአበባው ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ሰው ለሆድ ትል የሚጠጣውን ይህን መራራ መድኃኒት ከ20 ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ ገልጾታል።

እነዚህ ሩቅ ዘመዳሞች የሚገናኙበት ነጥብ አንድ ነው፤ ወንዴና ሴቴያቸው ብዙውን ጊዜ በየራሱ ዛፍ ላይ ነው። ችግኝ ሳለ ጾታው አይታወቅም፤ ስለዚህ አንድ ብቻውን የተተከለ ኮሶ ወይም ጥድ ጥላ ቢሰጥም ለዘር አይታመንም። ሰብሰብ አድርጎ መትከል ይበጃል። ኮሶ ደግሞ ሌላም ጥንቃቄ ይሻል፦ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ቀይ ዘለላ ነው፤ ዘሩም የሚቋጠረው እዚያው ላይ ነው። ዘለላው ሁሉ ከተለቀመ ለከርሞ የሚበቅል አይኖርም።