ከጣሪያ ሰሌዳ እስከ መኪና ባትሪ፦ የስያሜ ችግሮችና አስተያየቶች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ነገር የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የየቤቱ ጉዳይ ሆኗል። ከመኪናው ጋር የመመሪያ መጽሐፍ ይመጣል፤ መጽሐፉም አብዛኛውን ጊዜ በቻይንኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ወደ አማርኛ የሚመልሰው አንዳንድ ጊዜ ሙያተኛ ተርጓሚ፣ አንዳንድ ጊዜ ሻጩ፣ አንዳንድ ጊዜም የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ ሰፊ መስክ አንዱን ጠባብ ክፍል ብቻ እንመለከታለን፤ ይኸውም መኪናን በገዛ ቤት፣ በጣሪያ ላይ ከተተከለ የፀሐይ ሰሌዳ በሚገኝ ኤሌክትሪክ ስለ መሙላት የሚነገሩትን ቃላት ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ኤሌክትሪኩ ከጣሪያ ተነሥቶ መኪናው ውስጥ እስኪገባ ድረስ በአምስት ስድስት ዕቃዎች ውስጥ የሚያልፍ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል በአማርኛ የጸና ስም ያለው ቆጣሪው ብቻ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

አስቀድመን የነገሩን አካሄድ በአጭሩ እናስቀምጥ። ሰሌዳው የፀሐይን ብርሃን ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጣል። ኢንቨርተሩ ይህን ጅረት ቤቱ ወደሚጠቀምበት፣ በአገራችን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ወደሆነው ተለዋዋጭ ጅረት ይመልሰዋል። ጅረቱ በቤቱ የብሬከር ሳጥን በኩል አልፎ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ ሌላ ሳጥን ይደርሳል፤ ከዚያም በወፍራም ገመድ ወደ መኪናው ይገባል። በመኪናው ውስጥ ያለ መሣሪያ ደግሞ ተለዋዋጩን ጅረት እንደገና ቀጥተኛ አድርጎ ወደ ባትሪው ያስገባዋል። ጅረቱ በመንገዱ ሁለት ጊዜ መልኩን እንደሚለውጥ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ከዚህ በታች ስለምናነሣው የ«መሙያ» ጉዳይ መሠረቱ ይህ ነውና።

ከሁሉ የከፋውን ጉዳት የሚያደርሰው ግን የዕቃ ስም አይደለም፤ «ኃይል» የሚለው የታወቀ ቃል ነው። በትምህርት መጻሕፍትም ሆነ በልዩ ልዩ ትርጉሞች «ኃይል»፣ «ጉልበት»ና «አቅም» እርስ በርሳቸው ቦታ ሲለዋወጡ እናያለን። በዕለታዊ ንግግር ይህ የሚያስቸግር ነገር የለውም። በዚህ ሙያ ግን ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ በአንድ አፍታ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚወርድ፣ ሁለተኛው በጠቅላላው ምን ያህል ወርዶ እንደተጠራቀመ ይናገራሉ። የቧንቧን አወራረድና በርሜል ውስጥ የገባውን ውኃ ለይቶ እንደማየት ነው።

በዚህ ላይ አንዲት ፊደል የምትጨምረው ስሕተት አለ። በጋዜጣም በመመሪያም «ኪሎዋት በሰዓት» የሚል አጻጻፍ ዘወትር ይነበባል። «በ» በዚህ ቦታ የማካፈል ፍቺ አላት፤ «በሰዓት 60 ኪሎሜትር» ስንል ርቀቱን ለጊዜው ማካፈላችን ነው። ኪሎዋት ሰዓት ግን የማባዛት ውጤት ነው፤ ኪሎዋቱ በሰዓቱ ተባዝቶ የተገኘ ነው። ስለዚህ መስተዋድዷ ከዚያ መውጣት አለባት፤ «ኪሎዋት ሰዓት» ያለ ምንም ማያያዣ ተከታትሎ ይጻፍ።

የዚህን ጣጣ በምሳሌ እናሳይ። አንድ ሰው በአዲስ አበባ በጣሪያው ላይ እያንዳንዳቸው 500 ዋት የሆኑ 6 ሰሌዳዎች ተክሏል እንበል፤ ድምሩ 3 ኪሎዋት ነው። እንዲህ ያለ ጣሪያ በአማካይ በቀን 12 ያህል ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በበጋ ከዚህ ይበልጣል፣ በክረምት ይቀንሳል። ሰውየው በቀን 40 ኪሎሜትር ይነዳል፤ መኪናው ለ100 ኪሎሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅና በመሙላት ጊዜ የሚባክነው ቢታከልበት፣ የቀን ፍላጎቱ 7 ያህል ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ጣሪያው ይበቃዋል ማለት ነው። አሁን የመኪናውን መመሪያ ይክፈት፦ የባትሪው ቁጥር 60፣ የግድግዳው ሳጥን ቁጥር 7፣ የጣሪያው ቁጥር 3፤ ሦስቱም በትርጉሙ «ኃይል» ተብለዋል። ከዚህ የሚነሣ ሰው ወይ ጣሪያዬ የሳጥኑን ግማሽ እንኳ አይሞላም ብሎ ተጨማሪ ሰሌዳ ይገዛል፣ ወይ በየቀኑ 60 ያስፈልገኛል ብሎ ነገሩን ጨርሶ ይተወዋል። ሁለቱም ኪሳራ ናቸው፤ ምንጫቸውም አንድ ያልተለየ ቃል ነው።

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ ሙያ ቋንቋችን ስለ ግድብ ሲናገር «የማመንጨት አቅም» ብሎ በሜጋዋት ይቆጥራል፤ ስለ ደንበኛ ሲናገር «የኃይል ፍጆታ» ብሎ በኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። እንግዲያስ «አቅም» ለኪሎዋት፣ «ኃይል» ለኪሎዋት ሰዓት ይሁን የሚል አስተያየት አለን። የሚያስቸግረው «የባትሪ አቅም» የሚለው አነጋገር ነው፤ እሱ የሚቆጠረው በኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ከዚህ ሥርዐት ይወጣል። ለዚህ «ይዘት» የተሻለ ሆኖ ይታየናል። ከላይ ያለው ምሳሌ በዚህ መሠረት ሲጻፍ «የጣሪያው አቅም 3 ኪሎዋት፣ የሳጥኑ የማሳለፍ አቅም 7 ኪሎዋት፣ የባትሪው ይዘት 60 ኪሎዋት ሰዓት» ይሆናል፤ ከእንግዲህ የሚያምታታ ነገር የለም።

ወደ ግሡ እንለፍ። ሕዝቡ «ቻርጅ ማድረግ» ይላል፤ ይህንም የሚያውቀው ከስልክ ነው። ነገር ግን አማርኛ ቃሉን ሲቀበል እንደነበረ አልተቀበለውም። «ስልኬ ቻርጅ የለውም» ሲል ቻርጅ የተከማቸው ኃይል ነው፤ «ቻርጅ ላይ ነው» ሲል ድርጊቱ ነው፤ «ቻርጅ ዘጋብኝ» ሲል ደግሞ ተናጋሪው ብቻ የሚያውቀው ሦስተኛ ነገር ይሆናል። በፊዚክስ ደግሞ ይኸው ቃል የቅንጣትን ባሕርይ ይሰይማል። ለመመሪያ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ልቅነት አይመችም። በአንጻሩ «ሞላ» አለ፤ «ሙሌት» ለድርጊቱ ስም ይሆናል፤ ለቅንጣቱ ባሕርይ «ሙል» ብለን ብንለየው ሁለቱ አይጋጩም።

«ሞላ»ን የምንደግፈው የአገር ቃል በመሆኑ ብቻ አይደለም። ባለ ቤንዚን መኪና ነጂ «አስሞላሁ» ወይም «አስቀዳሁ» ይላል፤ የሚሞላለት ሌላ ሰው፣ የሚሞላበትም ሌላ ስፍራ ስለሆነ ግሡ አስደራጊ ነው። በቤቱ የሚሞላ ሰው ግን «መኪናዬን ሞላሁ» ይላል፤ አስደራጊው «አስ» ይወድቃል። በቤት የመሙላት ለውጥ ምን እንደሆነ ይህ የግሥ ቅርጽ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ አሳጥሮ ያሳያል። ስለዚህም ተርጓሚ በቤት ስለሚደረገው ሲጽፍ «ያስሞሉ» ሳይሆን «ይሙሉ» ማለት ይኖርበታል።

ሆኖም «ሞላ» ያለ ተሳቢ ሲቀር አደናጋሪ ነው። ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ባለበት ቤት «መብራት ሞላሁ» ማለት በካርድ ሒሳብ ገባሁ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቤት «ማታ ማታ ይሙሉ» የሚል ትእዛዝ ብቻውን ቢጻፍ አንባቢው ወደ ክፍያው ሊሄድ ይችላል። ተሳቢው ሁልጊዜ ይጻፍ፦ «መኪናውን ይሙሉ»፣ «ባትሪውን ይሙሉ»።

የግድግዳው ሳጥን «ቻርጀር» ወይም «ኃይል መሙያ» ሲባል እንሰማለን። አስቀድመን እንዳልነው ግን በቤት ውስጥ በተለዋዋጭ ጅረት ሲሞላ ባትሪውን በእርግጥ የሚሞላው በመኪናው ውስጥ ያለው መሣሪያ ነው። ሳጥኑ የሚሠራው ሥራ ከመኪናው ጋር ተነጋግሮ ጅረቱን በተፈቀደው መጠን መስጠትና አደጋ ሲታይ ማቋረጥ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ውጤት አለው፤ በመኪናው ውስጥ ያለው መሙያ 3 ኪሎዋት ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ባለ 7 ኪሎዋት ሳጥን መግዛት አንዲት ደቂቃ አያስቀንስም። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ ያለው «መሙያ»፣ ግድግዳው ላይ ያለው «ማደያ» ይባሉ እንላለን። «ማደያ» ከ«አደለ» የወጣ ነው፤ «ከፈለ» «መክፈያ»ን፣ «ነቀለ» «መንቀያ»ን እንደሚሰጡ ሁሉ ላው ወደ ያ ተለውጦ የተገኘ ነው። («መሙያ»ም በዚሁ ሕግ ከ«ሞላ» ይወጣል።) ቃሉ ከነዳጅ ማደያ ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ «የቤት ማደያ» ስንል ግን ምን ማለታችን እንደሆነ የማይገባው ያለ አይመስለንም።

«ባትሪ» በአማርኛ ከመኪና በፊት የእጅ መብራት ስም ነው፤ ውስጡ የሚገባው «ባትሪ ድንጋይ» ነው። ይህ ልዩነት ማንንም ጎድቶ አያውቅም። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ሁለት ባትሪዎች አሉ፦ መብራቱንና የመሳሰሉትን የሚመግበው ባለ 12 ቮልት፣ እና መኪናውን የሚነዳው፣ ብዙ ጊዜ 400 ቮልት አካባቢ የሚደርሰው። ጋራዥ ውስጥ ለኖረ መካኒክ «የመኪና ባትሪ» ማለት የመጀመሪያው ነው፤ እሱን በመፍቻ ነቅሎ ማውጣት የየዕለት ሥራው ነው። ሁለተኛውን ያለ ልዩ ሥልጠናና ያለ መከላከያ ጓንት የነካ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። «ባትሪውን ያላቅቁ» ብሎ መተርጎም እዚህ ላይ የቋንቋ ጉድለት ብቻ አይሆንም። ለመጀመሪያው «ረዳት ባትሪ»፣ ለሁለተኛው «አንቀሳቃሽ ባትሪ»፣ በቤት ውስጥ የፀሐዩን ትርፍ ለማታ ለሚያቆየው ደግሞ «ማከማቻ ባትሪ» እንዲባል፣ ያለ ቅጽልም እንዳይጻፍ እናሳስባለን።

«ሶላር» አጭር ነገር ይበቃዋል። በከተማ ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር ብዙ ጊዜ ውኃ ማሞቂያ ነው፤ በገጠር ሶላር ማለት ፋኖስ ነው። መኪና የሚሞላው ከሁለቱም የተለየ ስለሆነ «የፀሐይ ኤሌክትሪክ ሰሌዳ» ሲባል ይለያል። «ስፒና»ና «ሶኬት» እንዳሉ ይቆዩ፤ የሚነካቸው ምክንያት የለም። (መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግን «ካንዴላ»፣ «ፍሪሲዮን»ና «ማርሚታ»ን ከነፍቺያቸው ቶሎ ቢመዘግቡ መልካም ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ሦስቱም የሉምና ከዕቃዎቹ ጋር ሊረሱ ይችላሉ።)

ኢንቨርተርን ቃል በቃል ለመተርጎም የሚነሣ ሰው «ገልባጭ» ላይ ይደርሳል፤ ገልባጭ ደግሞ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልስ መኪና ነው። ቃሉ እንደተለመደው «ኢንቨርተር» ይቆይ። መለየት የሚያስፈልገው ዐይነቱን ነው። ከመንግሥት መስመር ጋር ብቻ ተያይዞ የሚሠራው ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ፀሐይ አናቱ ላይ ብትሆንም እንኳ። ይህ የሆነው በመስመሩ ላይ ጥገና የሚያደርገውን ሠራተኛ ከጣሪያ በሚመለስ ጅረት እንዳይገድሉት ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜ ከደሴት የተወሰደ በመሆኑ በትርጉም ጽሑፍ «የደሴት መከላከያ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ ምን ሊረዳ ይችላል? «ተነጥሎ እንዳይሠራ ማገጃ» ማለት ይሻላል። የኢንቨርተሮቹም ስም «ከመስመር ተያያዥ»፣ «ራሱን የቻለ» እና ሁለቱን የሚያጣምረው «ጥምር» ቢሆን፣ መብራት ሲጠፋ መኪናዬን እሞላለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል።

ተርጓሚ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም መመርመር እንዳለበት አንድ ማሳያ እንጨምር። ለአውሮፓ የተጻፈ መመሪያ ሰሌዳው ወደ ደቡብ ዞሮ 30 ወይም 35 ዲግሪ ያዘንብል ይላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። እዚህ የሚስማማው ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ የሚበቃ ትንሽ ዝማሜ ነው። ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠ ትርጉም በሰዋስው ንጹሕ ሆኖ በሥራው ስሕተት ይሆናል።

የቀረው የሰዓቱ ነገር ነው። ፀሐይ በምትበረታበት ጊዜ መኪናው በአብዛኛው ቤት የለም። መኪናው ቤት በሚውልበት ቀን ግን አንዳንድ ማደያዎች የቤቱን ፍጆታ እየተከታተሉ የተረፈውን ብቻ ለመኪናው ይሰጣሉ፤ ይህን «በትርፍ መሙላት» ብንለው ይበቃል። ማደያው ከ6 አምፔር በታች መስጠት ስለማይችል፣ በ220 ቮልት ትርፉ ከ1.3 ኪሎዋት ሲያንስ ሙሌቱ ይቆማል፤ ደመና ሲያልፍ እንደገና ይጀምራል። መመሪያው ይህን «ብልሽት» ብሎ እንዳይተረጉመው መጠንቀቅ ይገባል፤ «ማቋረጥ» ነው።

በመጨረሻም አንዳንድ መኪኖች ያከማቹትን ኃይል መልሰው ለቤት መስጠት ጀምረዋል። በዚህ ጊዜ «መሙያ» የሚለው ስም አቅጣጫው ስለሚገለበጥ ሥራውን አይገልጽም፤ «ማደያ» ግን መኪናውም ሆነ ቤቱ አዳይ ቢሆን ያገለግላል። ለድርጊቱ «መመለስ» የሚለውን ግሥ፣ ለመሣሪያው «ባለ ሁለት አቅጣጫ ማደያ» የሚለውን ለጊዜው አስቀምጠናል፤ ከዚህ ያጠረ ስም ያለው አንባቢ ቢልክልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።