ዓሣው እንቁላል ሲጥል መንጠቆው ያርፋል

ክረምቱ ሲጠና የጣና ዓሣ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል፤ መረብም በወንዞቹ አፍ ላይ ይጠብቀዋል። ይህን ጊዜ ጠብቆ ለማቆየት ሌላው አገር ምን አደረገ ለሚል የወረዳ ባለሙያ፣ የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት ተሞክሮ መታየት ያለበት ነው።

ፍሎሪዳ በሦስት ወገን ባሕር ያቀፋት፣ በውስጧም ኦኪቾቢን የመሰለ ሰፊ ሐይቅ ያላት ግዛት ናት። እዚያ ለመዝናናት በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ የተለመደ ነው። ለባሕሩና ለጨው አልባው ውኃ የተለያየ ፈቃድ ይጠየቃል። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና 65 ዓመት የሞላቸው ነዋሪዎች ግን አይከፍሉም።

ትልቁ ትምህርት ያለው ስኑክ በተባለው ዓሣ ላይ ነው። ስኑክ በሁለቱም ውኃ ይኖራል። እንቁላሉን የሚጥለው ባሕር ዳር ባለው ጨዋማ ውኃ ነው፤ ጫጩቶቹ ግን ጨው ወደ ቀነሰበት ጥግ ገብተው ያድጋሉ። አስገራሚው ጠባዩ ወንድ ሆኖ አድጎ በኋላ ብዙው ወደ ሴትነት መለወጡ ነው። እናም ግዙፉን ስኑክ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱን መያዝ ነው። በአትላንቲክ በኩል ከ71 ሳንቲ ሜትር ያነሰውም ከ81 የበለጠውም ወደ ውኃው እንዲመለስ ተደንግጓል። የተፈቀደውም ለአንድ ሰው በቀን አንድ ብቻ ነው። በእኛ ክረምት ወራት፣ ስኑክ በሚራባበት ጊዜ፣ አንድም ወደ ቤት አይወሰድም። ለገበያ ማቅረብማ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ክልክል ነው። በ2010 መጀመሪያ ኃይለኛ ብርድ ብዙ ስኑክ ሲፈጅ፣ በምዕራቡ ዳርቻ ዓሣውን መውሰድ እስከ 2013 ታግዶ ቆየ።

ገንዘቡም ወደ ውኃው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣ የፌዴራል ሕግ ከማጥመጃ ዕቃ የሚሰበሰበውን ቀረጥ ለግዛቶች ያከፋፍላል፤ የፈቃድ ገቢዋን ለሌላ ሥራ ያዋለች ግዛት ድርሻዋን ታጣለች። ለወረዳ በጀት ያዥ ይህ አንቀጽ ሳይጣፍጥ አይቀርም።

ነገሩ ሁሉ ግን በሰላም አላለፈም። ሕዝቡ በ1994 በሰጠው ድምፅ፣ ዓሣን በጉሮሮው አንቆ የሚይዘው መረብ ከ1995 ጀምሮ ከግዛቲቱ የባሕር ክልል ወጣ። ለመዝናናት ለሚያጠምደው ድል ነበር፤ በመረብ ለሚያድረው ግን የእንጀራ ጉዳይ ሆነበት። መንግሥትም መረቡን ገዝቶ ለመካስ ተገዷል።

ጣና ላይ ሁኔታው ይለያል፤ እዚህ መረብ የመዝናኛ ሳይሆን የጉሮሮ ነገር ነው። ቢሆንም ላቤዮባርበስ የሚባሉት፣ አብዛኞቹ ዝርያዎቻቸው ከጣና ውጭ የማይገኙት የሐይቁ ዓሣዎች፣ በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ሽቅብ ወጥተው ጠጠራማ ውኃ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከገቡ ወዲህ፣ ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት ዓመታት ብቻ ምርታቸው በሦስት አራተኛ ገደማ ማሽቆልቆሉን ጥናት አሳይቷል። በብርብራ ፍሬ ወንዝ መመረዝም ዓሣውን ከነጫጩቱ ይጨርሳል።

የአሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በሥራ ላይ አለ። አስቸጋሪው ግን ዓሣው የወረዳ ወሰን አያውቅም፤ ጉማራን ደራ ቢጠብቅ ፎገራ ካልጠበቀ ያው ነው። መረቡን ለሦስት ወር የሚሰቅለው አስጋሪ በነዚያ ወራት ልጆቹን በምን ያሳድር የሚለውም ከእገዳው ጋር አብሮ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።