የእምዬ ንቅሳት የት ሄደ?

ባለፈው ጥር ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ደብረ ማርቆስ ነበርን። ከሁለት ወር በኋላ አልበሙ ሲመጣ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰበሰበ። ቡና ተፈላ፤ ገጽ በተገለጠ ቁጥር "እሰይ!" ተባለ። አልበሙ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አያታችን ዘንድ ደረሰ። እምዬ መነጽራቸውን አስተካክለው አንዷን ፎቶ ደጋግመው አዩና፣ "ይቺ ደግሞ የማን ዘመድ ናት?" አሉ።

ራሳቸው ነበሩ።

የፊታቸው መስመር ሁሉ ተለስልሷል። በልጅነታቸው አንገታቸው ላይ የተነቀሱት ንቅሳት በኮምፒዩተር ተጠርጎ ጠፍቷል። ቤቱ በሳቅ አለቀ። እኔ ግን ሳቁ ቶሎ ለቀቀኝ። ብዙዎቻችን ቤት የወላጅ ፎቶ የሚፈለገው ለቅሶ የመጣ ዕለት ነው። ያኔ ከመታወቂያ ላይ ጉርድ ፎቶ ይወጣና ጎልቶ ይሰቀላል። እምዬ ደህና ፎቶ ያላቸው መስሎን ተዘናግተን ነበር።

ፎቶ አንሺው ሰነፍ አልነበረም። ሙሽራዋን ያነሳበት መንገድ ያስደንቃል፤ የቀሚሷ ጥበብ ክሩ ሳይቀር ይታያል። ጥፋቱ የፋሽን ዓይኑን እንደያዘ እምዬ ፊት መቆሙ ነው። የፋሽን ፎቶ ከልብሱ ይጀምራል። ሰውየው ቆሞም ሆነ ዞሮ ልብሱን ያሳምራል፤ የማይፈለገው ይሸፈናል። የሰው ምስል የሚያነሳ ግን ከፊት ይጀምራል፤ ሌላው ሊጠርገው የሚቸኩለውን ጠባሳ እሱ ይፈልገዋል።

ሁለቱንም አሳምሮ የቻለ ሰው ማየት ከፈለጉ አሜሪካዊው ሪቻርድ አቬዶን አለ። በ1955 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የዲዮርን ቀሚስ የለበሰች ሞዴል በዝሆኖች መሐል አቁሞ ያነሳት ፎቶ እስከ ዛሬ ይወራለታል። ያው ሰው ከ1979 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የምዕራብ አሜሪካን የማዕድን ሠራተኞችና የጎዳና ተጓዦች በነጭ ወረቀት ፊት እያቆመ አነሳ። ጌጥ የለ፣ መልክዓ ምድር የለ። ላቡም ጥላሸቱም እንዳለ ነው።

ለኛ ቤት የሚቀርበው ግን የማሊው ሴይዱ ኬይታ ይመስለኛል። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባማኮ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። የመጀመሪያው መጋረጃው የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር። ደንበኛው ሰዓት ከሌለው ሰዓት፣ ሬዲዮ ከሌለው ሬዲዮ ያውሰዋል። አባቴ በወጣትነቱ የተነሳውን ፎቶ ሳይ ኬይታ ትዝ ይለኛል፦ የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶት፣ እጁን የፕላስቲክ አበባ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ። ኮቱ የሰው ነው፤ ኩራቱ ግን የራሱ ነው።

አገራችን ውስጥ የዚህ ሙያ ሥር ወደ ቤተ መንግሥት ይወስደናል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። እዚያ ካባውና ዘውዱ ናቸው የሚናገሩት። ዛሬ ደግሞ አይዳ ሙሉነህ አለች፤ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው። የሴቶቹን ፊት ነጭ፣ ሰማያዊ ወይም ቀይ ቀብታ፣ ደማቅ ልብስ አልብሳ ታነሳለች። በ2018 እ.ኤ.አ. በአፋር ዳሎል ያነሳቻቸውን ያየ መጀመሪያ የፋሽን መጽሔት ሽፋን ይመስለዋል። ቀረብ ሲል ግን ውኃ ቀጂ ሴቶች ናቸው። ግርማ በርታ በተቃራኒው ማንንም አያለብስም። የአዲስ አበባን መንገደኛ በስልኩ አንስቶ ከነጥላው ቆርጦ ያወጣዋል፤ ከዚያ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን ያቆመዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። እኔ ከሁለቱ ግርማን እመርጣለሁ፤ የቤተሰባችን ወጣቶች ግን በአይዳ አይደራደሩም።

ጎጃም ላይ ፎቶ ማንሳት የራሱ ፈተና አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ይፋጃል። ጠይም ፊት፣ ነጭ ነጠላ፣ ቀጥ ያለ ፀሐይ ሲገናኙ ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፤ ፊት ይጠቁራል። ብዙ የሠርግ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሚያውቅ ሰው ጥላ ውስጥ ያስገባዎታል፤ ብርሃኑንም በፊትዎ ይለካል። ነጠላውን ደረት ላይ ዘርጋ ካደረጉት ደግሞ ብርሃኑን ወደ አገጭ መልሶ ይረጫል፤ ነፃ መብራት በሉት።

እንግዲህ ፎቶ አንሺ ስትቀጥሩ የሙሽሮቹን አልበም ብቻ አይታችሁ አትዋዋሉ። ያነሳቸውን ሽማግሌዎችና ሕፃናት አሳየን በሉት። ፊታቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ለስላሳ ከሆነ፣ የእናንተም እንደዚያው ይሆናል። "ኤዲት" ሲባል ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ማድያት ይጥፋ የምትል ልጅ መብቷ ነው። የአያትን ንቅሳት ግን ባለቤቷ ሳትጠየቅ ማን ይነካዋል?

ለፋሲካ ስንመለስ የአጎቴ ልጅ ካሜራ ይዞ መጣ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እምዬን በር አጠገብ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ዱካ ላይ እንዳሉ አነሳቸው። "ልብስ ልቀይር" አሉ፤ እምቢ አልናቸው። ተቆጡ። በመጨረሻ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አድርገው፣ "በሉ፣ አሁን ደግሞ ይጥፋና እንተያያለን" አሉት።

ያ ፎቶ ከሠርጉ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። እምዬ የወደዱት ግን ሌላውን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲስቁ የወጣውን ነው። ትራሳቸው ሥር አስቀምጠውታል።