ቁልፉ የተሰበረ ስልክ ስንት ያወጣል?

ሽሮ ሜዳን ተጎራብቶ በእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው ቁስቋም የሀገር ባህል ልብስ የሚነግድ ሰው ዛሬ ሒሳቡን የሚያወራርደው በአብዛኛው በስልኩ ነው። ሸማኔው የሠራበትን በቴሌብር ይቀበላል፤ የድርና የማጉ ዋጋ በባንክ መተግበሪያ ይላካል፤ ለሠርግ ጥልፍ ቀሚስ ያዘዘችው ደንበኛም የቀብዱን ደረሰኝ ፎቶ አንስታ ትልካለች። ድሮ በመቀነት ተቋጥሮ ወይም በሣጥን ተቆልፎ ያድር የነበረው ገንዘብ አሁን የሚያድረው በስልክ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። የሚገርመው ግን ነጋዴው ሣጥን ሲገዛ ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ የሚገዛውን ያህል፣ ስልክ ሲገዛ ቁልፉን አለመሞከሩ ነው። ካሜራውን፣ ባትሪውንና ስክሪኑን አይቶ ዋጋ ይቆርጣል፤ ደላላውም የሚያስረዳው ስለ እነዚሁ ነው።

ይህ ቸልታ ይበልጥ ዋጋ የሚያስከፍለው ያገለገለ ስልክ በሚፈለግበት በአሁኑ ጊዜ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ቀፎም አብሮ ተወድዷል። በመሆኑም ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ፣ በሌላ ሰው እጅ የቆየ ስልክ አቅሙን ለሚያመዛዝን ገዢ ማራኪ ነው። እንዲህ ያለው ስልክ ታዲያ ከገዢው በፊት ማን እንደከፈተው፣ ማንስ እንደዘጋው የሚናገር ወረቀት የለውም።

ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በገበያው «አንሎክድ» የሚባለው ቃል ሁለት፣ ሲበዛም ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ ስልክ «አንሎክድ ነው» ሲባል በየትኛውም የቴሌኮም ድርጅት ሲም ካርድ ይሠራል ማለት ነው። የአሜሪካ ቴሌኮም ኩባንያዎች ስልክን በቅናሽ ወይም በየወሩ በሚከፈል ውል ስለሚሸጡ ደንበኛው ዕዳውን እስኪጨርስ ቀፎውን በራሳቸው መስመር ላይ ያስሩታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ከኤቲ ኤንድ ቲ መስመር ውጭ እንዳይሠራ ታስሮ ለገበያ ሲወጣ፣ ጆርጅ ሆትዝ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት በሁለት ወር ገደማ እስሩን ፈትቶ ዝነኛ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነበር። ሁለተኛው የጉግል አካውንት ቁልፍ ነው። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ የወጣ ስልክ በጉልበት ቢደመሰስ እንኳ የቀድሞ ባለቤቱ አድራሻና የይለፍ ቃል ካልገባለት አልከፈትም ይላል። በጥሩ ዋጋ የቀረበ ስልክ «አካውንት ብቻ ነው የቀረው» ከተባለ፣ ነገሩ ከጥገና ይልቅ የፖሊስ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ገዢው መገመት አለበት።

ከሁለቱ ይልቅ ገንዘብ ላይ የሚደርሰው ግን ሦስተኛውና ስሙ እምብዛም የማይነሳው ቁልፍ ነው፤ የቡትሎደር ቁልፍ።

ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃና ቀሪውን ሶፍትዌር የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እንደ በር ጠባቂ ሊታሰብ ይችላል። የተቆለፈ ከሆነ የአምራቹ ኩባንያ ማኅተም ያላረፈበትን ሶፍትዌር ከደጅ ይመልሳል፤ የተከፈተ ከሆነ ግን የመጣውን ሁሉ ያስገባል። «ሩት ማድረግ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ሥራ ሲሆን፣ በስልኩ ሥርዓት ላይ ሙሉ ሥልጣን መያዝ ማለት ነው። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ መተግበሪያ በየራሱ ክፍል ተዘግቶ ስለሚኖር ለልጅ የተጫነ ጨዋታ የባንኩን ክፍል ከፍቶ አይገባም። ሩት የተደረገ ስልክ ላይ ግን ያን ሥልጣን ያገኘ ፕሮግራም የሁሉም ክፍል ቁልፍ በእጁ ነው። በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥርም ሆነ በጣት የሚነካውን የይለፍ ቃል ማንበብ ይችላል።

ይህን ሥራ የሚያሠሩት ሁሉ ግን አጥፊዎች ናቸው ማለት አይደለም። በቀደሙት የአንድሮይድ ስልኮች የአማርኛ ፊደል አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይታይ ነበር፤ ፊደሉን ከስልኩ ሥርዓት ውስጥ ለማስገባት ደግሞ ሩት ማድረግ ያስፈልግ ነበር። ማስታወሻው የጠበበ ርካሽ ስልክ የያዘ ሰውም ከፋብሪካ ተጭነው የመጡትንና በተለመደው መንገድ አልጠፋም የሚሉትን ፕሮግራሞች ለማስወገድ ይኸው ዘዴ ጠቅሞታል። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ያቆመበትን አሮጌ ስልክ አዲስ ሶፍትዌር ጭኖ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ዕድሜ የሚጨምርለት ጠጋኝም ለደንበኛው ብር አትርፎለታል እንጂ አልበደለውም።

ነገሩ የተለወጠው ስልኩ የገንዘብ ሣጥን ሲሆን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመረ ወዲህ የተመዝጋቢዎቹ ቁጥር ከ40 ሚሊዮን አልፏል። በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን ብድርና ቁጠባ ጨመረበት፤ የሳፋሪኮም ኤም ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። ይህ ማለት በነጋዴው ስልክ የገባ ሌባ ያለውን ገንዘብ መውሰድ ብቻ ሳይሆን የሌለውንም በስሙ ሊበደርለት ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ሥጋት የተነሳ በዓለም ዙሪያ በርካታ ባንኮች መተግበሪያቸው ሩት በተደረገ ወይም ቡትሎደሩ በተከፈተ ስልክ ላይ እንዳይሠራ አድርገዋል። ጉግልም ስልኩ ከፋብሪካ እንደወጣ መሆኑን ለባንኩ የሚመሰክር አገልግሎት ይሰጣል። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ የተገኘው ደግሞ መደበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ማጂስክ የተባለው ፕሮግራም ስልኩን ሩት አድርጎ፣ ሩት መደረጉን ከመተግበሪያዎች ይሸሽጋል። ሻጩ በዚህ መንገድ የሸሸገው ስልክ በገበያው መሀል ሲሞከር የባንኩ መተግበሪያ በትክክል ይከፈታል። ከወር በኋላ ባንኩ መተግበሪያውን ሲያሻሽል ወይም ጉግል ምርመራውን ሲያጠብቅ ግን ተሸሽጎ የነበረው ይወጣል። ጊዜው የበዓል ዋዜማ፣ ሸማኔውም ክፍያውን የሚጠብቅበት ቀን ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የተቆለፈ ስልክ የገዛ ሰው ተኝቶ ያድራል ለማለት የሚያስደፍር ነበር፤ የቴክኖ ደብልዩ 2 ታሪክ ባይኖር ኖሮ። የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ባለቤት የሆነው የቻይናው ትራንሽን ኩባንያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ ሲገጣጥም የቆየ፣ በገበያውም ሰፊ ቦታ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለው ድርጅት የደኅንነት ክፍል ሴኪዩር ዲ ባወጣው ሪፖርት፣ ደብልዩ 2 በተባለው ርካሽ ሞዴል ላይ ትሪያዳና ኤክስ ሄልፐር የተባሉ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞች ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ተጭነው መገኘታቸውን ገለጸ። ስልኮቹ የተገኙባቸው አገሮችም ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ላይ እየመዘገቡት የካርድ ሒሳቡን ይበሉ ነበር። ድርጅቱ ከመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. አንስቶ ከ200 ሺህ በላይ ከሚሆኑ ስልኮች የተነሱ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን ማገዱን አስታውቋል። ትራንሽን በበኩሉ ጥፋቱ ስሙን ያልጠቀሰው አንድ አቅራቢ መሆኑንና ማስተካከያ ሶፍትዌሮችን ማውጣቱን ገልጿል።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ተንኮሉ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ አላጠፋውም፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ራሱ ያስቀመጠው ሶፍትዌር አካል ሆኖ ነበር። ባለቤቱ ከሥሩ ነቅሎ እንዳያወጣው ደግሞ የስልኩ ሥርዓት ለእርሱ ዝግ ነው። በር ጠባቂው የሚያየው ማኅተም ብቻ በመሆኑ ማኅተም ያለውን ሌባ አስገብቶ ባለቤቱን ከደጅ አቆመው። ስለዚህ «ተቆልፏል» ማለት «ደኅና ነው» ማለት ሳይሆን፣ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ነው ማለት ብቻ ነው። ያ ሰው ታማኝ ከሆነና ማሻሻያውን በወቅቱ ከላከ ጥሩ፤ ካልሆነ ግን ገዢው የሚያደርገው የለም።

ወደ ገበያው ስንመለስ፣ የተከፈተ ስልክ መለየት የተባለውን ያህል ከባድ አይደለም። ሻጩ ፊት ስልኩን አጥፍቶ ማብራት የመጀመሪያው ነው። ቡትሎደሩ የተከፈተ አንድሮይድ ስልክ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ወይም የተከፈተ ጓጉንቸር ምልክት ለጥቂት ሰከንዶች ያሳያል። ስልኩን አብርቶ የሚጠብቅ፣ ሲነሳም ገዢው እንዳያየው በእጁ የሚሸፍን ሻጭ ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በሳምሰንግ ስልኮች ደግሞ በቺፑ ውስጥ ኖክስ የሚባል እንደ ፊውዝ ያለ ነገር አለ፤ ባዕድ ሶፍትዌር ሲጫን ይቃጠላል፤ የመጀመሪያው ሶፍትዌር ተመልሶ ቢጫንም አይጠገንም። በዳውንሎድ ገጹ ላይ ዜሮ የነበረው ቁጥር አንድ ሆኖ ይቀራል፤ ሳምሰንግ ፔይና ሚስጥራዊ ማኅደሩም ከዚያ በኋላ አይሠሩም። የፕሌይ ስቶር መተግበሪያም በ«ስለ» ገጹ ላይ ስልኩ የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑን ይናገራል። የቀፎውን መለያ ቁጥር *#06# ብሎ ከካርቶኑ ጋር ማመሳከር ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀፎ መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። «እኔ መልሼ እቆልፈዋለሁ» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተለወጠ ሶፍትዌር እንዳለ ቢቆለፍ ስልኩ በዚያው «ዴድ» ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ታዲያ ዋጋው ስንት ይሁን? በ20 ሺህ ብር የሚሸጥ ስልክ ተከፍቶ ቢገኝ ለተማሪ ወይም ለፎቶና ለሙዚቃ ብቻ ለሚፈልገው ሰው ጥቂት ሺህ ብር ተቀንሶለት ቢገዛው አይከስርም፤ እንዲያውም ዕድሜ ሊጨምርለት ይችላል። ለነጋዴው ግን ቅናሹ ምንም ቢያህል አያዋጣውም፤ የአንድ ቀን ሽያጩ ከቅናሹ ሊበልጥ ይችላልና። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው አንድ ያልተነካ ርካሽ ስልክ ለገንዘቡ ብቻ ለይቶ ቢይዝ ይሻለዋል። ጥፋቱ ስልኩ መከፈቱ ሳይሆን መከፈቱ ሳይነገር በሙሉ ዋጋ መሸጡ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል፤ ገዢው ደግሞ ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። በቃል ስምምነትና ያለ ደረሰኝ በሚሸጠው ያገለገለ ስልክ ላይ ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ ቢሆንም፣ «ቡትሎደሩ ያልተከፈተ፣ ሩት ያልተደረገ» የሚሉ ጥቂት ቃላትና የመለያ ቁጥሩ የሰፈሩበት ብጣሽ ወረቀት ለገዢው ትልቅ ማስረጃ ነው። ሐቀኛ ሻጭም እንዲህ ያለውን ወረቀት ለመፈረም የሚያመነታበት ምክንያት የለም።

አምራቾቹ በበኩላቸው በሩን እያጠበቡ ናቸው። ሁዋዌ የመክፈቻ ቁጥር መስጠት ያቆመው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነበር። ሻኦሚ ለመክፈት የሚጠይቅ ደንበኛን ቀናት ያስጠብቃል። ሳምሰንግ ደግሞ ዋን ዩአይ 8 በተባለው ሶፍትዌሩ የመክፈቻውን ምርጫ ማንሳቱ በ2017 ዓ.ም. ክረምት ታውቋል። ለባንኮች ይህ መልካም ወሬ ነው። በአንድ ኬብልና በአንድ ኮምፒዩተር አሮጌ ስልክ አድሶ ለሚያድረው ጠጋኝ ግን ሥራው እየቀነሰበት ነው። ማሻሻያ የቀረበት፣ ሊከፈትም የማይችል ቀፎ ተፈትቶ ለመለዋወጫ ይሸጣል፤ ስክሪኑ ለብቻ፣ ባትሪው ለብቻ፣ ቦርዱም ለብቻ።