የአካባቢ የንባብ ክበብ አመራርና የመጻሕፍት አመራረጥ

መግቢያ

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጐልማሶችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። ከዘመቻው ከተገኙት ትምህርቶች አንዱ፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ካላነበበ የተማረውን መልሶ የሚረሳ መሆኑ ነው። ንባብ የሚጸናው በልማድ ነው፤ ልማድም ከባልንጀራ ጋር ሲሆን ይበረታል። በቀበሌ፣ በዕድር ወይም በወዳጅነት የሚሰባሰብ የንባብ ክበብ ጥቅሙ ከዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በሞቅታ የተጀመረ ክበብ ብዙ ሳይቆይ ሊበተን ይችላል። ለዚህም ከአባላት ስንፍና ይልቅ የመጽሐፍ አመራረጥ ጉድለት ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

መራጩ ማን ይሁን?

መጽሐፍ በድምፅ ብልጫ ሲመረጥ አሠራሩ ፍትሐዊ ይመስላል። በተግባር ሲታይ ግን ብዙ ያነበቡትና ደፍረው የሚናገሩት አባላት ፍላጎት ደጋግሞ ያሸንፋል። ቀስ ብሎ የሚያነበው አባል በመጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቀጥሎም ይቀራል። በዚህም ክበቡ ከሁሉ ይበልጥ ሊጠቅመው የሚገባውን ሰው ያጣል።

መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ ዕቁብ የሚሠራበት የዕጣ ሥርዓት ነው። የአባላት ስም በወረቀት ተጽፎ ይጠቀለላል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው የሚቀጥለውን መጽሐፍ ይመርጣል። አንድ ጊዜ የደረሰው አባል ዙሩ እስኪያልቅ ዳግመኛ ዕጣ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አሥር አባላት ያሉት ክበብ በአሥር መጻሕፍት የሁሉንም ዝንባሌ ያውቃል። ያልወደደውን መጽሐፍ የሚያነብ አባልም የራሱ ተራ እንደሚደርስ ስለሚያውቅ ይታገሣል።

የምርጫው ወሰን

መራጩ ነጻ ቢሆንም ሦስት ነገሮችን ማመዛዘን ይገባዋል።

አንደኛ፣ ርዝመት። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ለሦስት ወይም ለአራት ስብሰባ መከፈል አለበት።

ሁለተኛ፣ ቋንቋ። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው፣ «ጦቢያ» በመባል የሚታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» አጭር ነው። ነገር ግን አማርኛው ከዛሬው ስለሚርቅ ማጠሩ ብቻ ለአዲስ አንባቢ ቀላል አያደርገውም።

ሦስተኛ፣ ቅጂ። የቆየ መጽሐፍ ከገበያ ሊጠፋ፣ አዲሱም ከአባላት አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ለሦስት ሰው አንድ ቅጂ መገኘቱ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። መዋጮ ተሰብስቦ ቅጂው በየሳምንቱ ቢዘዋወር ችግሩ ይቃለላል።

የስብሰባው አካሄድ

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ለውይይት ይመቻል። ስብሰባው ከመጽሐፉ አንድ ሁለት ገጽ ጮክ ብሎ በማንበብ ቢጀመር፣ ያልጨረሰውም አባል የሚናገረው ነገር ያገኛል። ጮክ ብሎ ማንበብ የጀማሪ ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ያዳመጡ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ሰብሳቢው ሁሉም በተራ እንዲናገር ያደርጋል፤ የራሱን አስተያየት ግን መጨረሻ ላይ ያቀርባል። መስተንግዶውም ከቡና ባያልፍ ይመረጣል፤ ድግስ ከሆነ አቅም የሌለው አባል ተራው ሲቃረብ ይሸሻል።

ማጠቃለያ

የንባብ ክበብ ጥንካሬ የሚለካው ባነበባቸው መጻሕፍት ብዛት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ስብሰባ ዝም ብሎ የተቀመጠው አባል በዓመቱ መጽሐፍ መርጦ፣ የመረጠበትን ምክንያት ለባልንጀሮቹ ማስረዳት ከቻለ ክበቡ ዓላማውን አሳክቷል።