ጨካኝ መንግሥት አገር ያቀናል?

ተረት፦ ለድሃ አገር የሚበጃት ጨከን ያለ መሪ ነው፤ ዴሞክራሲ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው።

እውነታ፦ እንዲህ የሚሉ ሰዎች ቻይናንና ሲንጋፖርን ይጠራሉ፤ ደርግን ግን ይዘሉታል። ጭካኔ አላነሰውም ነበር። ጎጃም ትርፍ አምራች ስለሆነ የእህል ኮታው ክንድ እዚህ ከበድ ይል ነበር። ገበሬው እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያ ባነሰ ዋጋ ያስረክባል፤ ምርቱ ካነሰበት በውድ ገዝቶ ኮታውን የሚሞላበት ጊዜም ነበር። በደጀን በኩል አባይን ተሻግሮ ለሚነግደውም ኬላው አለለት። ይህ ስህተት እስከ የካቲት 1982 አልታረመም፤ ሲታረም ለሥርዓቱ የቀረው ዕድሜ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። ቦትስዋና ግን በ1959 ነጻ ከወጣች ጀምሮ ምርጫ ሳታቋርጥ ፈጥነው ካደጉ የአፍሪካ አገሮች ተርታ ገባች፤ በ2017 ገዢው ፓርቲ ሲሸነፍም ሥልጣኑን በሰላም አስረከበ። አልማዝ ስላላት ነው ይሉናል። አልማዝማ ኮንጎም አላት።

ተረት፦ ንጉሥም ሆነ አምባገነን፣ ሕዝብ ከጮኸ መስማቱ አይቀርም።

እውነታ፦ አይቀርም። ከስንት ሬሳ በኋላ ነው እንጂ ጥያቄው። በ1960 ፓርቲ የማያውቀው ፓርላማ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን አጸደቀ። የጎጃምን ገበሬ ያስጨነቀው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ መሬቴ ተለክቶ ርስቴን ልነጠቅ ነው ብሎ ሰጋ። አቤት አለ፣ ሰሚ አጣ። በሞጣ፣ በብቸና፣ በዳሞትና በደብረ ማርቆስ አውራጃዎች ሸፈተ። መልሱ ጦርና አውሮፕላን ሆነ፤ መንደር ተደበደበ፣ ሰው አለቀ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ገበሬው የጠየቀውን አገኘ ማለት ነው። ደፋር ጋዜጣና መቀመጫው የሚያስፈራው እንደራሴ ቢኖረው ኖሮ፣ በእኔ እምነት፣ ያንኑ ነገር ደም ሳይፈስ ያገኘው ነበር።

ተረት፦ ሙስና የበላው ዴሞክራሲ ከአምባገነን በምን ይሻላል?

እውነታ፦ ክፉ ቀን ሲመጣ ይለያል። ህንድ ሙስናዋም ግጭቷም ብዙ ነው። ሆኖም ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እንዳሳዩት፣ ከ1939 ነጻነቷ ወዲህ እንደ ቤንጋሉ ያለ ሚሊዮኖችን የጨረሰ ረሃብ አላየችም፤ ጋዜጣው ይጮኻል፣ መንግሥትም ምርጫውን ይፈራል። ቻይና በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አጥታለች። እኛም በመስከረም 1977 ወሎና ትግራይ ሲረግፍ፣ አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ታከብር ነበር።

ተረት፦ ፓርላማው አንድ ቃል ከተናገረ አገር ይረጋጋል።

እውነታ፦ በግንቦት 2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ወሰዱ። በኅዳር 2008 ኦሮሚያ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ ከወራት በኋላ አማራ ክልል ተከተለ፤ በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ሥልጣን እንደሚለቁ ሲያስታውቁ፣ በዚያ ምክር ቤት ውስጥ አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ አልነበረም።